የድረ ገጽ ማስተናገጃ ጥቅሎች ስያሜ፦ ለአቅራቢዎችና ለተገልጋዮች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አንድ ድረ ገጽ በማንኛውም ሰዓት ሊከፈት የሚችለው ፋይሎቹ ሌት ተቀን በማይጠፋና ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ ነው። ይህ ኮምፒውተር ሰርቨር ይባላል። በሰርቨር ላይ ቦታ አከራይቶ የደንበኛን ድረ ገጽ የማስቀመጥና የማንቀሳቀስ ሥራ ደግሞ የድረ ገጽ ማስተናገጃ፣ በተለምዶም ሆስቲንግ ተብሎ ይጠራል። አቅራቢው የፋይል ማከማቻ ቦታን፣ የዳታ ዝውውርን፣ የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ድርሻን፣ የኢሜይል አድራሻዎችን፣ መጠባበቂያ ቅጂንና የመሳሰሉትን በአንድ ላይ አድርጎ በወር ወይም በዓመት ክፍያ ይሸጣል። ይህ ጥቅል ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ አቅራቢ ሦስት ወይም አራት ጥቅሎች ይኖሩታል፤ ለእያንዳንዳቸውም ስም ያወጣል።

ስም ማውጣቱ በሥራው መጨረሻ ላይ የሚደረግ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ደንበኛው በስልክ ሲጠይቅ የሚጠራው፣ በደረሰኙ ላይ የሚያነበው፣ በውሉ መጀመሪያ ላይ የሚሰፍረውና አለመግባባት ሲፈጠር ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩበት ይኸው ስም ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ክሊኒኮች፣ የጉዞ ወኪሎች፣ ማኅበራትና ሌሎች ብዙ ተገልጋዮች ከስሙ በታች የተዘረዘሩትን የቴክኒክ ቃላት ለይተው ስለማያውቁ የሚገዙት ስሙን ተከትለው ነው። በመሆኑም ይህ ማብራሪያ በአንድ በኩል የማስተናገጃ ሥራ ለጀመሩና ለመጀመር ላሰቡ፣ በሌላ በኩል ደግሞ አገልግሎቱን ለሚገዙ ዜጎች ቀርቧል።

ከስሙ በስተጀርባ ያለው መለኪያ

የአገራችን ገበያ ደረጃን በስም መግለጽ አዲሱ አይደለም። የጤፍ ሸማች «ማኛ» ሲባል ነጩንና ውዱን፣ «ሰርገኛ» ሲባል ደግሞ ነጭና ቀይ የተቀላቀለበትን እንደሚያገኝ ያውቃል። ቢጠራጠር እንኳ እፍኝ አንስቶ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ያያል። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሚቀርብ ቡናም የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ፣ የበቀለበት አካባቢና ደረጃው ተለይቶ ይቀርባል፤ ደረጃው የሚሰጠውም ናሙናው ተመርምሮና ተቀምሶ ነው። በሁለቱም ዘንድ ከስሙ በስተጀርባ ገዢና ሻጭ በጋራ የሚያውቁት መለኪያ አለ።

በማስተናገጃ ጥቅሎች ዘንድ ግን እንዲህ ያለ መለኪያ የለም። «ወርቅ» የተባለ ጥቅል ስንት ጊጋባይት ማከማቻ ሊኖረው እንደሚገባ አቅራቢዎች የሚገዙበት የጋራ ደረጃ ስለሌለ የአንዱ አቅራቢ ወርቅ ከሌላው ነሐስ ሊያንስ ይችላል። ገዢውም እፍኝ አንስቶ የሚያይበት መንገድ የለውም፤ የገዛውን ነገር ልክ የሚረዳው ከከፈለ ከወራት በኋላ፣ ጎብኚ በበዛበት ቀን ነው። ስለዚህ አንድ የጥቅል ስም ቢያንስ ሊያስተላልፈው የሚገባው መረጃ በዚያው አቅራቢ ዝርዝር ውስጥ የትኛው ጥቅል ከየትኛው እንደሚበልጥ ነው። ይህችን ያህል እንኳ በትክክል የማይገልጹ ስያሜዎች ጥቂት አይደሉም።

የማዕድን ስሞችና ቁጥሮች

ከውጭ አገር አቅራቢዎች ተወርሶ በስፋት የሚሠራበት አሰያየም ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና ፕላቲነም የሚለው ነው። የሜዳሊያን ቅደም ተከተል ከኦሊምፒክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ስለማይገኝ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በሐሳብ ደረጃ ግልጽ ናቸው። ችግሩ በአማርኛ ሲጻፉ ነው። በቋንቋችን «ብር» ማዕድኑም ገንዘቡም ነው። «የብር ጥቅል ክፍያ» የሚል ደረሰኝ የጥቅሉን ስም ይግለጽ የክፍያውን ዓይነት ለሒሳብ ሠራተኛ አይለይለትም። በውጭ ምንዛሪም ለሚከፍሉ ደንበኞች አገልግሎት የሚሰጥ አቅራቢ ከሆነ ደግሞ «የብር ጥቅል» በዶላር ከሚከፈለው በተቃራኒ በብር የሚከፈል ጥቅል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። ፕላቲነም ከወርቅ በላይ ይሁን በታች ለመገመት የሚቸገር ደንበኛም አለ። ይህን ለማስቀረት «አልማዝ» የሚለውን የመረጠ አቅራቢ በበኩሉ «የአልማዝ ጥቅል መቼ ያበቃል?» የሚል ጥያቄ በስልክ ሲደርሰው መልሶ «የየትኛዋ አልማዝ?» ብሎ መጠየቅ ሳይኖርበት አይቀርም።

ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይሻላል የሚል ይኖራል። ቁጥርም ቢሆን አቅጣጫው ካልተነገረ ያሳስታል፤ በአገራችን «ደረጃ 1» የሚለው ሐረግ ሁለት ተቃራኒ ትርጉሞችን ይዞ ይገኛልና። በአገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ በሥራ ተቋራጭነትና በቡና ደረጃ 1 የላይኛው ነው። በቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ግን ደረጃ 1 መነሻ ሲሆን ሠልጣኙ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ላይኛዎቹ ደረጃዎች ይዘልቃል። በጤና ተቋማትም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከአጠቃላይ ሆስፒታል በታች ነው። እንግዲህ «ጥቅል 1» እና «ጥቅል 3» ተብለው ከተሰየሙት መካከል የኮንስትራክሽን ባለሙያው 1 ቁጥርን እንደ ትልቁ፣ የሙያ አሠልጣኙ ደግሞ እንደ ትንሹ ቢያነብ ሁለቱም ባለማወቅ አይወቀሱም።

ቁጥር መጠቀም የሚፈልግ አቅራቢ ቁጥሩን ከመጠን ጋር ቢያያይዘው ይመረጣል። «ማስተናገጃ 5»፣ «ማስተናገጃ 20» እና «ማስተናገጃ 50» ተብለው የተሰየሙ ጥቅሎች ቁጥራቸው የማከማቻ ጊጋባይታቸው ከሆነ ለደንበኛው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሞባይል ተጠቃሚው የቀን፣ የሳምንትና የወር ጥቅልን ከነመጠኑ መግዛት ለምዷል፤ ይህን ልማድ ወደ ማስተናገጃ ማምጣት አዲስ ትምህርት አይጠይቅም። እንዲህ ያለው ስም የማስታወቂያ ማራኪነት የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ልክ ነው፤ አይስብም። ነገር ግን አቅራቢው መጠኑን ዝም ብሎ ቢቀንስ ስሙ ራሱ የሚመሰክርበት በመሆኑ ለገዢው ከማንኛውም ማራኪ ስም የሚበልጥ ዋስትና ይሰጣል።

ስሙ የሚገልጸው ድረ ገጹን ነው ወይስ ሰውየውን?

«ጀማሪ»፣ «ባለሙያ»፣ «ነጋዴ» የሚሉ ስሞች የተለየ ችግር አለባቸው። እነዚህ ቃላት ስለ ጥቅሉ ሳይሆን ስለ ገዢው ይናገራሉ። በመርካቶ ሃያ ዓመት የነገደ ሰው ሦስት ገጾች ያሉት ትንሽ ድረ ገጽ ሲፈልግ የሚበቃው ትንሹ ጥቅል ነው፤ ነገር ግን በስሙ ምክንያት ራሱን «ጀማሪ» ብሎ ማስመዝገብ ላያስደስተው ስለሚችል የማያስፈልገውን «ነጋዴ» ጥቅል ይገዛል። በአንጻሩ የመጀመሪያ ሥራዋን የጀመረች ወጣት ብዙ ፎቶግራፍና ቪዲዮ የሚጫንበት ድረ ገጽ ይዛ «ጀማሪ ነኝ» በማለት የማይበቃትን ጥቅል ትመርጣለች። «ጀማሪ» በሚለው ፈንታ «መነሻ» ቢባል ቃሉ ወደ ጥቅሉ ይመለሳል። መነሻ፣ መደበኛ፣ ሰፊ የሚለው ቅደም ተከተል ማንንም ሳያስቀይም ደረጃን ያሳያል። «ልዩ» የሚለው ቃል ግን ከሌሎቹ ጋር ሲደረደር ከመደበኛው በላይ ይሁን ወይም ከመሥመር ውጭ የሆነ ሌላ ነገር አይታወቅም።

በአገልግሎት ዓይነት የተሰየሙ፣ ለምሳሌ «የትምህርት ቤት ጥቅል» ወይም «የሆቴል ጥቅል» የሚባሉ፣ ለገዢው በጣም ምቹ ናቸው። ይሁንና አቅራቢው እንዲህ ሲሰይም ጥቅሉ ለትምህርት ቤት ሥራ እንደሚበቃ ቃል መግባቱ መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ትምህርት ቤት በዓመቱ አብዛኛው ቀን ጥቂት ጎብኚ ያለው፣ ውጤት በሚለጠፍበት ቀን ግን ሺዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገቡበት ተቋም ነው። ያን ቀን የማይችል ጥቅል «የትምህርት ቤት» ሊባል አይገባውም። «የአነስተኛና ጥቃቅን» የሚል ስያሜም ጥንቃቄ ይሻል፤ አነስተኛና ጥቃቅን ኢንተርፕራይዝ በመንግሥት አሠራር የራሱ መስፈርትና ድጋፍ ያለው መደብ በመሆኑ ገዢው ጥቅሉ ከመንግሥት ድጋፍ ጋር የተያያዘ ሊመስለው ይችላል።

«ያልተገደበ» የሚለው ቃል

በማስተናገጃ ገበያ ላይ ከሁሉ የበለጠ አለመግባባት የሚያስከትለው «ያልተገደበ» የሚለው ቃል በመሆኑ ሰፋ አድርጎ መመልከት ያስፈልጋል።

የሰርቨር ዲስክ መጠኑ የታወቀ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰሩና ሜሞሪውም እንዲሁ። ርካሽ በሆነው የጋራ ማስተናገጃ በአንድ ሰርቨር ላይ የብዙ ደንበኞች ድረ ገጾች አብረው ይቀመጣሉ። አቅራቢው «ያልተገደበ» ብሎ መሸጥ የሚችለው አብዛኛው ደንበኛ በጥቂቱ እንደሚጠቀም ስለሚያውቅ ነው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ብዙ ቢጠቀሙ ሰርቨሩ አይችልም። ስለዚህ ገደቡ ሁልጊዜም አለ፤ የሚለያየው የተጻፈበት ቦታ ብቻ ነው። አንዳንዱ አቅራቢ ማከማቻውን ያልተገደበ ይልና የፋይሎችን ቁጥር ይገድባል። በብዙ ሰርቨሮች ላይ እያንዳንዱ የኢሜይል መልእክት እንደ አንድ ፋይል ስለሚቆጠር የቆዩ መልእክቶችን የማያጠፋ መሥሪያ ቤት ቦታ ሳይሞላበት የፋይል ቁጥሩ ሊሞላበት ይችላል። ሌላው የዳታ ዝውውሩን ያልተገደበ ይልና በአንድ ጊዜ ሊሠሩ የሚችሉ ጥያቄዎችን ቁጥር ይወስናል።

ከላይ ወደ ጠቀስነው ትምህርት ቤት እንመለስ። እያንዳንዱ ገጽ 2 ሜጋባይት ቢሆን፣ ውጤት በተለጠፈበት ቀን 4,000 ተማሪዎችና ወላጆች እያንዳንዳቸው ሦስት ገጽ ቢከፍቱ፣ በዚያን ቀን 24,000 ሜጋባይት ወይም 24 ጊጋባይት ያህል ዳታ ይተላለፋል። ዝውውሩ በእርግጥ ያልተገደበ ከሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም። ሰርቨሩ ግን ለዚህ ደንበኛ በአንድ ጊዜ 20 ጥያቄዎችን ብቻ እንዲያስተናግድ ተደርጎ ከተዘጋጀ ቀሪው ወላጅ የሚያየው የስሕተት ገጽ ነው። ርእሰ መምህሩ ያልተገደበ ጥቅል እንደገዙ ያውቃሉ፤ አቅራቢውም ገደቡ በአጠቃቀም ደንቡ ውስጥ እንደተጻፈ ያውቃል። ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የተበደለው ግን አንደኛው ወገን ነው።

ይህ ዓይነቱ ክርክር በሌላ አገር ወደ ፍርድ ቤት የደረሰበትን ሁኔታ ማስታወስ ይጠቅማል። ጉዳዩ የሞባይል ዳታን እንጂ የድረ ገጽ ማስተናገጃን የሚመለከት አልነበረም፤ ቃሉ ግን አንድ ነው። የአሜሪካ ፌደራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 በኤቲ ኤንድ ቲ የሞባይል ኩባንያ ላይ ክስ የመሠረተው «ያልተገደበ» ብሎ የሸጠውን የዳታ ጥቅል የገዙ ቢያንስ 3.5 ሚሊዮን ደንበኞች በወር ውስጥ የተወሰነ መጠን ከተጠቀሙ በኋላ ፍጥነታቸው እንዲቀንስ አድርጓል በማለት ነበር። በክሱ መሠረት አንዳንዶቹ የተቀነሰባቸው 2 ጊጋባይት ብቻ ተጠቅመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከገንዘቡ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ሌላው የስምምነቱ ክፍል ነው፤ ኩባንያው ከዚያ በኋላ ስለ ዳታው ፍጥነትና መጠን ሲያስተዋውቅ ገደቡን በደቃቅ ጽሑፍ ሳይደብቅ፣ ጎላ አድርጎ አብሮ እንዲገልጽ ግዴታ ገብቷል።

በመሆኑም አቅራቢዎች ይህን ቃል በጥቅል ስም ውስጥ ባይጠቀሙበት ይመከራል። መጠቀም ካስፈለገ ያልተገደበው ነገር ምን እንደሆነ በስሙ ውስጥ ቢገባ ይሻላል፤ «ያልተገደበ ጥቅል» ከማለት «ዝውውሩ ያልተገደበ 20 ጊጋባይት ማስተናገጃ» ማለት ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

ሌሎች ጥንቃቄ የሚሹ ቃላት

«አስተማማኝ» ወይም «የማይቋረጥ» የሚሉ ስሞች ብዙውን ጊዜ 99.9 በመቶ በሚል ቁጥር ይታጀባሉ። ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም በዓመት ውስጥ 8 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ያህል መቋረጥን ይፈቅዳል። 99 በመቶ ከሆነ ደግሞ የሚፈቀደው ከሦስት ቀን ተኩል ያልፋል። ተገልጋዩ ሊጠይቅ የሚገባው መቶኛውን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በላይ ቢቋረጥ አቅራቢው ምን እንደሚመልስለት ነው።

«ደኅንነቱ የተጠበቀ» የሚለው ስም ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው በድረ ገጹና በጎብኚው መካከል የሚተላለፈውን መረጃ የሚያመሰጥረውን ዲጂታል ሰርተፊኬት ነው። እንዲህ ያለውን ሰርተፊኬት ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ለትርፍ ያልተቋቋመ አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። ስለዚህ ለዚህ ብቻ ከፍ ያለ ዋጋ የሚጠየቅበት ጥቅል ሌላ ምን እንደሚጨምር መጠየቅ ተገቢ ነው። «የግል ሰርቨር» የሚለውም ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሙሉ ኮምፒውተር ለአንድ ደንበኛ የሚሰጥበት ወይም አንድ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ ከክፍሎቹ አንዱ የሚሰጥበት። ሁለተኛው ምናባዊ የግል ሰርቨር ይባላል። መጥፎ አገልግሎት አይደለም፤ «ምናባዊ» የሚለውን ቃል ከስሙ መጣል ግን ተገቢ አይሆንም።

«ነፃ ዶሜይን ያለው» የሚል ጥቅል ሲቀርብም ሁለት ነገሮችን ማጣራት ይገባል። አንደኛ፣ ነፃ የሚሆነው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው ወይስ ለሁልጊዜ? ሁለተኛና ዋናው፣ ዶሜይኑ የሚመዘገበው በማን ስም ነው? የድረ ገጽ አድራሻና ማስተናገጃ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አድራሻው በአቅራቢው ስም ከተመዘገበ ደንበኛው ወደ ሌላ አቅራቢ መዛወር በፈለገ ጊዜ በማስታወቂያው፣ በማኅተሙና በቢዝነስ ካርዱ ላይ ያሳተመውን አድራሻ ሊያጣ ይችላል። በአገራችን መለያ በዶት ኢቲ የሚያበቁ አድራሻዎችን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው፤ የንግድ ድርጅቶች በዶት ኮም ዶት ኢቲ፣ የመንግሥት ተቋማት ደግሞ በዶት ጎቭ ዶት ኢቲ ይመዘገባሉ። የጥቅል ስሙ ምንም ይባል ምን አድራሻው በእርስዎ ወይም በድርጅትዎ ስም መመዝገቡን ያረጋግጡ።

የፊደልና የርዝመት ጉዳይ

በአማርኛ ስም ለሚያወጡ አቅራቢዎች ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦች አሉ። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ያሉበት ስም በተለያየ መንገድ ይጻፋል። «ፀሐይ ጥቅል» የሚለውን አንዱ ደንበኛ ፀሐይ፣ ሌላው ጸሐይ፣ ሌሎች ደግሞ ፀሀይ ወይም ጸሀይ ብለው ይጽፉታል፤ በኮምፒውተር ፍለጋ እነዚህ አራቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። የክፍያ ሥርዓቱ ስሙን አይቶ ጥቅሉን የሚለይ ከሆነ ደንበኛው ከፍሎ አገልግሎቱ ላይከፈትለት ይችላል። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የሌሉበትን ስም መምረጥ ወይም ከስሙ ጎን ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠት ይህን ያስቀራል።

ርዝመትም ዋጋ አለው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ፊደላት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። የክፍያ ማስታወሻ በአጭር መልእክት የሚልክ አቅራቢ የጥቅሉ ስም ብቻ 40 ፊደል የሚፈጅ ከሆነ የደንበኛው ስም፣ ቀኑና ዋጋው ወደ ሁለተኛ መልእክት ይተርፋሉ፤ ወጪውም ይጨምራል። ከላይ ረጅም ስምን የመከርንበት ቦታ ቢኖርም ለመልእክት የሚሆን አጭር መጠሪያ አብሮ ማውጣት ይቻላል። አገራችን የብዙ ቋንቋዎች አገር በመሆኗም ስሙ በሌሎች ቋንቋዎች እንዴት እንደሚሰማ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ወርቅ በትግርኛ ወርቂ፣ በአፋን ኦሮሞ ወርቄ በመሆኑ በሦስቱም ሳይተረጎም ይገባል፤ ሁሉም ስም ግን እንዲህ አይቀናውም።

ስሙና ሕጉ

ተገልጋዮች አዘውትረው የሚያቀላቅሏቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የንግድ ስም ነጋዴው ለንግድ ሥራው የሚጠቀምበትና በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የሚመዘገብ ስም ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ የአንዱን ዕቃ ወይም አገልግሎት ከሌላው የሚለይ ምልክት ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት የሚጸና ሆኖ በየሰባት ዓመቱ ሊታደስ ይችላል። የጥቅል ስም ከሁለቱም የተለየ ነው። አቅራቢው ለእያንዳንዱ ጥቅል አዲስ የንግድ ስም ማስመዝገብ አይጠበቅበትም፤ የጥቅሉን ስም በብቸኝነት ለመያዝ ከፈለገ ግን መንገዱ የንግድ ምልክት ምዝገባ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚጋጭ ነገር አለ። የንግድ ምልክት ሕጉ የአገልግሎቱን ዓይነት፣ ጥራት ወይም መጠን ብቻ የሚገልጹ ቃላትን እንደ ምልክት አይመዘግብም። «ፈጣን ማስተናገጃ» ወይም «ማስተናገጃ 20» ለገዢው በጣም ጠቃሚ የሆኑት ገላጭ በመሆናቸው ነው፤ በዚያው ምክንያት ግን ማንም በብቸኝነት ሊይዛቸው አይችልም። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት አቅራቢው ልዩ ስሙንና ምልክቱን ለድርጅቱ አስመዝግቦ ጥቅሎቹን በግልጽ ገላጭ ቃላት ቢሰይም ሁለቱንም ጥቅም ያገኛል። ደንበኛ የሚያስታውሰው ድርጅቱን ነው፤ ከጥቅሉ የሚፈልገው መረጃ ነው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ከሌላ ነጋዴ አገልግሎት ጋር የሚያደናግር ተግባርን ይከለክላል፤ ሸማቹም ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሆኖም ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ አለ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ትርጓሜ ሸማች የሚባለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው ነው። ማስተናገጃ የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ድርጅት ነው። ድርጅት ሲሆን ዋናው መከላከያው ውሉ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚጸና ይደነግጋል። ስለዚህ «ያልተገደበ»፣ «የማይቋረጥ»፣ «የግል» የሚሉት ቃላት በጥቅሉ ስም ላይ ብቻ ቀርተው በውሉ ውስጥ በቁጥር ካልተተረጎሙ ድርጅቱ የሚከራከርበት ጽሑፍ አይኖረውም።

ስሙ ሳይለወጥ ይዘቱ ሲለወጥ

አቅራቢዎች ከጊዜ ወደ ጊዜ የጥቅሎቻቸውን ይዘትና ዋጋ ያሻሽላሉ፤ ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው «መደበኛ» የተባለው ጥቅል ባለፈው ዓመት 20 ጊጋባይት የነበረው ዘንድሮ በዚያው ስም 10 ሲሆንና ነባሩ ደንበኛ ሳይነገረው ሲቀር ነው። ይህን ለመከላከል ስሙ ላይ ዓመተ ምሕረት መጨመር፣ ለምሳሌ «መደበኛ 2017» እና «መደበኛ 2018» ማለት፣ ቀላልና ርካሽ ዘዴ ነው። ነባሩ ደንበኛ በየትኛው ጥቅል ላይ እንዳለ እርሱም አቅራቢውም ሳይከራከሩ ያውቃሉ።

ከመክፈልዎ በፊት የጥቅሉን ስም ወደ ጎን ትተው የማከማቻውን መጠን፣ የወር የዳታ ዝውውሩን፣ የፋይሎችን ቁጥር ገደብ፣ በአንድ ጊዜ የሚስተናገዱ ጥያቄዎችን ብዛት፣ መጠባበቂያ ቅጂ በስንት ቀን እንደሚወሰድና ውሉ ሲታደስ የሚጠየቀውን ዋጋ በጽሑፍ ይጠይቁ። የአጠቃቀም ደንቡን ቅጂና ጥቅሉ በገዙበት ቀን የቀረበበትን ማስታወቂያ ከደረሰኙ ጋር ያስቀምጡ። የተገባልዎ አገልግሎት ካልቀረበ በቅድሚያ ለአቅራቢው በጽሑፍ ያሳውቁና መልሱን ይያዙ። መፍትሔ ካላገኙ አቤቱታዎን ለአካባቢዎ የንግድ ቢሮ ሲያቀርቡ ውሉን፣ ደረሰኙን፣ ማስታወቂያውንና የተጻጻፉትን ደብዳቤ ወይም ኢሜይል፣ እንዲሁም አገልግሎቱ የተቋረጠበትን ቀንና ሰዓት የሚያሳይ ማስረጃ አያይዘው ያቅርቡ።